ማሽኑ ሀብቱን ፈጠረ፣ ሕጉ አከፋፈለው

“ከበርቴ” እና “ወዛደር” የሚሉት ቃላት ወደ አገራችን የገቡት በፋብሪካ በር ሳይሆን በመፈክር ነው። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሰሞን በየሰልፉና በየውይይት ክበቡ ሲስተጋቡ፣ አብዛኛው ሕዝብ በእርሻ የሚተዳደር፣ የፋብሪካውም ቁጥር አነስተኛ ነበር። ስለዚህም ብዙዎቻችን ቃላቱን የምናውቃቸው እንደ ስድብ ወይም እንደ ውዳሴ እንጂ እንደ ታሪክ አይደለም። ለመሆኑ ከበርቴውም ሆነ ወዛደሩ እንዴት ተፈጠሩ? አዲስ ማሽን ሲፈለሰፍ ባለጸጋ የሚሆነው ማን ነው? ከነበረበት የሚወርደውስ? በመካከል ያለው፣ ይህን ጽሑፍ የሚያነበው የተማረ ባለደመወዝስ ከየት መጣ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው፣ ብልህ ሰዎች ማሽን ፈለሰፉ፣ አገር በለጸገ፣ ጊዜው ሲደርስ ሁሉም ተጠቀመ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ማሽኑ መጥቶ ደሃውን ከእንጀራው አፈናቀለው የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ምስጋናውንም ወቀሳውንም ለማሽኑ ይሰጣሉ። ነገር ግን ማሽን የሚያውቀው ብዙ ጨርቅ በአጭር ጊዜ መሥራት ብቻ ነው። ከዚያ ጨርቅ የሚገኘው ገንዘብ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም የፈጠራው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ማን መደራጀት እንደሚፈቀድለት፣ ውል ያፈረሰ ማን እስር ቤት እንደሚገባ፣ ማንስ እንደሚመርጥ የሚደነግገው ሕግ ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ የሚሆነው ነገሩ የተጀመረበት የእንግሊዝ የጥጥ ኢንዱስትሪ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከማሽኑ በፊት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ ሀብት ማለት መሬት ነበር። ክብርና ሥልጣንም ከመሬት ጋር የተቆራኙ ነበሩ። የላይኛው ምክር ቤት የባላባቶች ሲሆን፣ በታችኛው ምክር ቤትም ለመቀመጥ የንብረት መስፈርት ነበረው። ነጋዴ ሲበለጽግ የመጀመሪያ ሥራው ርስት ገዝቶ ልጁን ባላባት ማስመሰል ነበር።

ጨርቅ የሚሠራው በየቤቱ ነበር። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እናትና ልጆች ይፈትላሉ፣ አባት ከሽመናው ላይ ተቀምጦ ድሩን በማግ ይሞላል። ልዩነቱ ያለው በክብሩ ላይ ነው። በእኛ አገር ሸማኔ “ቁጢት በጣሽ” እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። የላንክሻየር ሸማኔ ግን የተከበረ ባለሙያ ነበር። መሣሪያው ብዙ ጊዜ የራሱ ነው፤ መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደሚያርፍ የሚወስነውም ራሱ ነው።

ሕጉም ቢያንስ በወረቀት ላይ ይጠብቀው ነበር። ከ1563 ጀምሮ የጸና አንድ ሕግ የአካባቢ ዳኞች የሠራተኛን ክፍያ እንዲተምኑ ሥልጣን ሲሰጥ፣ ወደ ሙያ ለመግባትም ሰባት ዓመት መማርን ግዴታ አድርጎ ነበር። ይህን ሕግ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንጠይቃለን፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

የፈለሰፈና የበለጸገ

በ1733 ጆን ኬይ የተባለ ሰው በገመድ ስበት ወዲያና ወዲህ የሚሮጥ መወርወሪያ ፈጠረ። ሸማኔው በፍጥነት መሥራት ቻለ። ውጤቱም የክር እጥረት ሆነ፤ የአንድን ሸማኔ እጅ ለመመገብ በርካታ ፈታዮች ያስፈልጉ ነበርና። እጥረቱን ለመሙላት በ1760ዎቹ ጄምስ ሃርግሪቭስ በአንድ ጊዜ በስምንት እንዝርት የሚፈትል “ጄኒ” የተባለ መሣሪያ ሠራ። እንጀራቸው የተነካባቸው ሰዎች በ1768 ቤቱ ገብተው መሣሪያዎቹን ሰባበሩበት፤ እርሱም ወደ ኖቲንግሃም ተሰደደ። ከዚያም ሳሙኤል ክሮምፕተን በ1779 የሁለት ቀዳሚ ማሽኖችን ጠባይ አዳቅሎ አዲስ መፍተያ አወጣ። የሁለት ዘር ውጤት በመሆኑም ስሙ “በቅሎ” ተባለ። እጅግ ቀጭንና ጠንካራ ክር የሚሰጠው ይህ ማሽን ነው።

ከእነዚህ ሦስት ሰዎች ማን በለጸገ? ማንም። ኬይ በፈጠራው ክስ ሲካሰስ ከስሮ፣ በመጨረሻ በፈረንሳይ አገር በድህነት ሞተ። ሃርግሪቭስ ፓተንት ያወጣው አንዳንድ መሣሪያዎችን ከሸጠ በኋላ ስለነበረ መብቱን ማስከበር አልቻለም። ክሮምፕተን ፓተንት ጨርሶ አላወጣም። የፋብሪካ ባለቤቶች “ምስጢሩን ግለጽልን፣ እኛ መዋጮ እንሰጥሃለን” ብለውት አምኖ ገለጸላቸው፤ እጁ የገባው ግን ከመቶ ፓውንድ ያነሰ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ በእርሱ ዘዴ የሚሽከረከሩት እንዝርቶች ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ራሱ ዞሮ ቆጥሮ ለፓርላማ አቤት አለ። በ1812 ፓርላማው 5,000 ፓውንድ ሰጠው። በ1827 ሲሞት ግን ደሃ ነበር።

አሁን ደግሞ ሪቻርድ አርክራይትን እንመልከት። አርክራይት ፀጉር አስተካካይና የሰው ሠራሽ ፀጉር ነጋዴ ነበር። በ1769 በውኃ ኃይል ለሚሠራ የመፍተያ ማሽን ፓተንት አወጣ፤ በ1771 በክሮምፎርድ ፋብሪካ ከፈተ። ሐሳቡ ከሌሎች የተወሰደ ነው የሚል ክርክር ተነሥቶበት ሁለተኛው ፓተንቱ በ1785 በፍርድ ቤት ተሰርዟል። እስከዚያ ድረስ ግን የሚፈልገውን አግኝቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት “ሰር” የሚል ማዕረግ ተሰጠው፤ በ1792 ሲሞት ሀብቱ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ይገመት ነበር። አርክራይት ከክሮምፕተን የበለጠ መሐንዲስ አልነበረም። የበለጠው ካፒታል በማሰባሰብ፣ ሠራተኛን በአንድ ጣሪያ ሥር በሰዓት በማሠራት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሕግ በመጠቀም ነው።

የጄምስ ዋትም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። ዋት ለእንፋሎት ሞተር ማሻሻያው በ1769 ፓተንት ቢያወጣም፣ መብቱ የሚያበቃው በ1783 ነበር። ከሸሪኩ ከማቲው ቦልተን ጋር ሆኖ በ1775 ፓርላማው በልዩ ሕግ እስከ 1800 እንዲያራዝምለት አደረገ። ከደንበኞቻቸው የሚያስከፍሉትም አዲሱ ሞተር ከአሮጌው ሲነጻጸር ከሚያድነው የድንጋይ ከሰል ዋጋ ሲሶውን ነበር። ፈጠራው የዋት አእምሮ ውጤት ነው፤ ለ31 ዓመት የቆየው ገቢ ግን የሕግ ውጤት ነው።

የከበርቴው አነሣሥ

ፋብሪካው አዲስ ዓይነት ባለጸጋ ወለደ። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የፒል ቤተሰብ ነው። አያትየው ከእርሻ ወደ ጨርቅ ማተም የገባ ሰው ነበር። ልጁ ትልቅ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት፣ የፓርላማ አባልና ባለማዕረግ ሆነ። የልጅ ልጁ ሮበርት ፒል ደግሞ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቃ። ከገበሬ ቤት እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሦስት ትውልድ ብቻ ወሰደ።

ሆኖም ገንዘቡ ከሥልጣኑ ቀድሞ ነበር። የማንቸስተር ሕዝብ በ1801 ወደ 75 ሺህ ይጠጋ የነበረ ሲሆን፣ በ1851 ከ300 ሺህ በላይ ሆኗል። ይህች ከተማ እስከ 1832 ድረስ በፓርላማ አንድም የራሷ ወኪል አልነበራትም። በአንጻሩ ኦልድ ሳረም የሚባል ነዋሪ አልባ ሊባል የሚችል ኮረብታ ሁለት እንደራሴዎች ይልክ ነበር። በነሐሴ 1819 በማንቸስተር የቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ ላይ ወደ 60 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ውክልና ለመጠየቅ ተሰብስቦ ሳለ ፈረሰኛ ጦር ገብቶበት ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ።

በ1832 የምርጫ ሕጉ ተሻሻለ። በከተሞች የመምረጥ መብት የተሰጠው በዓመት 10 ፓውንድ የሚተመን ቤት ለያዘ ወንድ ነበር። ባለ ፋብሪካውና ባለሱቁ ገቡ፤ በሜዳው ላይ አብሯቸው የቆመው ሠራተኛ ግን ውጭ ቀረ። ከዚያም በ1846 ባለርስቱን የሚጠቅመውና ዳቦን የሚያስወድደው የእህል አስመጪነት ገደብ ተነሣ። ያነሣውም ያው የጥጥ ነጋዴው ልጅ ሮበርት ፒል ነው።

ይሁንና ባላባቱ በአንድ ጀንበር ወደቀ ማለት አይደለም። በእንግሊዝ ሕግ ከወርቅና ከብር በስተቀር ከመሬት በታች ያለ ማዕድን የባለመሬቱ ነበር። እንደ ብሪጅዎተር ያሉ መስፍን የድንጋይ ከሰላቸውን በ1761 በተከፈተ ቦይ ወደ ማንቸስተር እያጓጓዙ ቸበቸቡት። ሌሎቹም በየቶኑ ይታሰብላቸው ነበር፤ ይህ መብት ወደ መንግሥት እንዲዞር የተወሰነው በ1938 ነው። የሟቾችን ኑዛዜ ያጠኑት የታሪክ ምሁሩ ዊልያም ሩበንስታይን እንዳሳዩት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከባለ ፋብሪካዎቹ ይልቅ ትልልቆቹ ሀብታሞች ባለርስቶችና የለንደን ባንከኞችና ነጋዴዎች ነበሩ።

የሸማኔው ውድቀት

ክር በርካሽ ሲፈተል የመጀመሪያው ተጠቃሚ የእጅ ሸማኔው ነበር። ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሥራ ሞልቶ፣ ክፍያውም ጥሩ ሆኖ ነበር። ነገር ግን ወሬው ሲሰማ ከየአቅጣጫው ሰው ወደ ሙያው ጎረፈ፤ በ1820ዎቹ ቁጥሩ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ኤድመንድ ካርትራይት የተባለ ቄስ በ1785 ፓተንት ያወጣለት የሽመና ማሽንም ቀስ በቀስ እየተሻሻለ መጣ። በብሪታንያ በ1813 ወደ 2,400 ይጠጉ የነበሩት የሽመና ማሽኖች በ1833 ወደ 100,000 አደጉ።

እዚህ ላይ ነው ያ የ1563 ሕግ የሚመጣው። ሸማኔዎቹ ማሽን ይሰበር ከማለታቸው በፊት ወደ ሕግ ሄደው ነበር። ዝቅተኛ የክፍያ ወለል እንዲወሰን ፓርላማውን ለመኑ። ረቂቁ በ1808 ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። በማንቸስተር ብዙ ሺህ ሸማኔዎች ለተቃውሞ ሲሰበሰቡም ወታደር ተላከባቸው፤ አንድ ሰው ሞተ። “እንግዲያው የቆየው ሕግ ይከበርልን፤ ዳኞች ይተምኑልን” ሲሉ ደግሞ፣ ፓርላማው በ1813 የክፍያ ትመናውን አንቀጽ፣ በ1814 የሙያ ትምህርቱን አንቀጽ ሻረ። ሕጉ ይከበር ሲባል ሕጉ ተሻረ ማለት ነው።

ተደራጅቶ መደራደርስ? “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚለውን የእኛን ተረት የእንግሊዝ ፓርላማ በሚገባ የተረዳው ይመስላል። በ1799 እና በ1800 የወጡት ሕጎች ሠራተኞች ደመወዝ ለማስጨመር ተባብረው መቆምን ወንጀል አደረጉት። የ1800ው ሕግ ለይስሙላ አሠሪዎችንም መተባበር ከልክሎ ነበር። ነገር ግን የሠራተኛው ቅጣት እስራት ሲሆን፣ የአሠሪው ቅጣት የ20 ፓውንድ መቀጮ ነበር።

ከ1811 ጀምሮ ሉዳውያን የተባሉት ማሽን ሰባሪዎች የተነሡት የሕጉ በር ከተዘጋ በኋላ ነው። ዛሬ ስማቸው “አዲስ ነገር የማይወድ ኋላ ቀር” ለማለት ያገለግላል። በብዛት ግን ማሽኑን ሲጠቀሙበት የኖሩ የካልሲ ሠሪዎች፣ የሱፍ ጨርቅ አስተካካዮችና ሸማኔዎች ነበሩ። የተቆጡትም ማሽኑ በተያዘበት ዘዴ፣ ይኸውም ክፍያን ለመስበርና ያልተማረ ሠራተኛን ለማስገባት በመዋሉ ነበር። ፓርላማው በ1812 ማሽን መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገ። ገጣሚው ሎርድ ባይረን በላይኛው ምክር ቤት ባደረገው የመጀመሪያ ንግግሩ ሕጉን ቢቃወምም ሰሚ አላገኘም። በጥር 1813 በዮርክ ከተማ 17 ሰዎች ተሰቀሉ።

ወዛደሩና ሰዓቱ

ሸማኔው ሲወርድ ልጁ ወደ ፋብሪካ ገባ። ፋብሪካው በመጀመሪያ የፈለገው ጉልበተኛ ወንድ ሳይሆን ሴትና ሕፃን ነበር፤ ክፍያቸው አነስተኛ፣ ጣታቸውም ቀጭን ነበርና። ፀሐይን አይቶ ይሠራ የነበረ ሰው በደወል መግባትና መውጣት ጀመረ። የዘገየ ይቀጣል።

ከሁሉ ይበልጥ የሕግ ባለሙያን የሚያስደንቀው ግን የሥራ ውሉ ነው። አሠሪ ውል ቢያፈርስ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነበር፤ ቢበዛ ገንዘብ ይከፍላል። ሠራተኛ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ግን ወንጀል ነበር፤ በ1823ቱ ሕግ እስከ ሦስት ወር ከከባድ ሥራ ጋር ሊታሰር ይችላል። ይህ የተረሳ ሕግ አልነበረም። ከ1858 እስከ 1875 ባሉት ዓመታት በአማካይ በየዓመቱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ክስ ተመሥርቶበታል። “በነፃ ፈቃድ የተደረገ ውል” የምንለው መርሕ በአንደኛው ወገን ጀርባ ፖሊስ ቆሞ እንደነበር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የኑሮው ልክ በኤድዊን ቻድዊክ የ1842 ሪፖርት ሰፍሮ ይገኛል። በማንቸስተር የሠራተኛ ቤተሰብ አባላት አማካይ የሞት ዕድሜ 17 ዓመት ሲሆን፣ የባለሙያዎችና የባለጸጎች 38 ነበር። ገጠር በሆነችው ራትላንድ ግን የሠራተኛው 38፣ የባለጸጋው 52 ነበር። ቁጥሩን ያወረደው በአብዛኛው የሕፃናት ሞት ነው። የማንቸስተሩ ሀብታም ዕድሜ ከራትላንዱ ደሃ ዕድሜ ጋር እኩል መሆኑ ግን ብዙ ይናገራል።

ሠራተኛው ከማሽኑ አልተጠቀመም ማለት ነው? ይህ በታሪክ ምሁራን መካከል ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረ ነው። ሮበርት አለን ባቀረቡት ስሌት ከ1780 እስከ 1840 የአንድ ሠራተኛ ምርት በ46 በመቶ ሲያድግ፣ እውነተኛ ደመወዙ ያደገው በ12 በመቶ ብቻ ነው። ከ1840ዎቹ በኋላ ግን ደመወዝ ከምርት ጋር አብሮ መጨመር ጀመረ። አለን ይህን የመዘግየት ዘመን በፍሬድሪክ ኤንግልስ ስም ሰይመውታል፤ ኤንግልስ በ1842 ወደ ማንቸስተር መጥቶ በአባቱ የጥጥ ድርጅት እየሠራ የወዛደሩን ኑሮ አጥንቶ በ1845 መጽሐፍ ያሳተመ ነውና። “ጊዜው ሲደርስ ሁሉም ተጠቀመ” ለሚለው ወገን እንግዲህ መልሱ ይህ ነው፦ አዎን፣ ተጠቀመ፤ ነገር ግን ሁለት ትውልድ ከጠበቀ በኋላ። የጠበቁትና የተጠቀሙት ደግሞ አንድ ሰዎች አይደሉም።

በመካከል ያለው ሰው

ፋብሪካ ሒሳብ ያዥ፣ መሐንዲስ፣ ጠበቃ፣ ባንክና ኢንሹራንስ ይፈልጋል። የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በለንደን በ1818 ተመሠረተ። ባቡር ሲመጣ ደግሞ ፍላጎቱ በእጥፍ ድርብ ጨመረ። ከሊቨርፑል ማንቸስተር የሚደርሰው መስመር በ1830 ሲከፈት፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችል ካፒታል እንደሚያስፈልግ ግልጽ ሆነ። በደመወዙና በቁጠባው የሚኖረው ሰው አክሲዮን መግዛት ጀመረ። በ1851 ቆጠራ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ ሠራተኛ መቅጠር መቻል የመካከለኛው መደብ መለያ ሆኖ ነበር።

በዚህ መደብ ታሪክ ትልቁ ፈጠራ ግን ከብረት የተሠራ አይደለም። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ልዩ ፈቃድ በሌለው ድርጅት ውስጥ ድርሻ ያለው ሰው፣ ድርጅቱ ቢከስር ቤቱና ንብረቱ ሳይቀር ለዕዳው ይያዝ ነበር። በ1855 እና በ1856 የወጡት ሕጎች ግን በምዝገባ ብቻ ኃላፊነቱን በአክሲዮኑ ልክ እንዲወስን ፈቀዱለት። በ1896 በሰሎሞን ጉዳይ የላይኛው ምክር ቤት ችሎት በሰጠው ፍርድ፣ አንድ ቡት ጫማ ሠሪ ከቤተሰቡ ጋር ያቋቋመው ኩባንያ ከእርሱ የተለየ ሰውነት እንዳለው አጸና። ዛሬ በየድርጅታችን ስም ጭራ ላይ “ኃ.የተ.የግ.ማ.” ብለን የምንጽፈው ጽንሰ ሐሳብ በዚህ ጎዳና የመጣ ነው። እንደ እንፋሎት ሞተር ሁሉ ይህም ማሽን ነው፤ ካፒታልን ያሰባስባል፣ ከሳሪውንም ከዕዳ ይታደጋል። ለሠራተኛው ግን ተመሳሳይ መከላከያ ገና አልተሰጠውም ነበር።

የጥጡ ሌላ ጫፍ

የላንክሻየር ፋብሪካዎች የሚፈትሉት ጥጥ በእንግሊዝ አይበቅልም። ከ1793 ጀምሮ ኤሊ ዊትኒ የፈጠረው የጥጥ መዳመጫ በደቡባዊ አሜሪካ የጥጥ እርሻን አትራፊ አደረገው። ባርነትን ግን አላቀለለውም፤ አስፋፋው። በአሜሪካ በ1790 ቆጠራ ወደ 700 ሺህ የነበሩት ባሮች በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠጉ። ጉልበት ቆጣቢ ማሽን ሰውን ነፃ ያወጣል ለሚሉ ሁሉ ይህ ከባድ ማስረጃ ነው።

እንግሊዝ ራሷ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን በ1833 በሕግ ስትሽር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበች። ካሣው የተከፈለው ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነው፤ ለባሮቹ ምንም አልተሰጠም። ለዚህ የተወሰደው ብድር ቅሪት ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። በዚያው ዘመን የዕድሜ ልክ ሙያው ዋጋ ያጣበት ሸማኔ ካሣ አላገኘም። ምክንያቱ የጉዳት ማነስ አይደለም። ሕጉ ባሪያን “ንብረት” ብሎ ሲያውቅ፣ የሸማኔን ሙያ ግን ንብረት ብሎ አላወቀውም። የፋብሪካው ጢስ ያልደረሰበት አገር እንኳ ከዚህ ገበያ አላመለጠም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ፋብሪካ አቡጀዲ በምፅዋ በኩል ኢትዮጵያ ገብቷል። የእኛ ሸማኔ ግን አልጠፋም፤ ድሩን በፋብሪካ ክር፣ ማጉን በእጅ ፈትል እያደረገ ኖረ።

ሕጉ ሲዞር

የእንግሊዝ ሠራተኛ ኑሮ የተሻሻለው በማሽኑ ቸርነት ብቻ አይደለም። የ1833 የፋብሪካ ሕግ በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ከለከለ። ከዚህም በላይ የሚጠቅመው፣ በፋብሪካ የሚገቡ አራት ተቆጣጣሪዎችን ሾመ። ከዚያ በፊት የወጡት ሕጎች ተቆጣጣሪ ስላልነበራቸው ከወረቀት አላለፉም ነበር። በ1842 ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች በማዕድን እንዳይሠሩ ተከለከለ። በ1847 የሴቶችና የወጣቶች የሥራ ሰዓት በቀን 10 ሆነ።

የመደራጀት ክልከላው በ1824 ቢነሣም፣ ማኅበራት ሙሉ ሕጋዊ ዕውቅና ያገኙት በ1871 ነው። ውል ያፈረሰን ሠራተኛ ማሰር የቀረው በ1875 ነው። በመካከሉ በ1867 ብዙ የከተማ ሠራተኞች የመምረጥ መብት አግኝተው ነበር፤ የሕጉ መዞርና የድምፁ መስፋት በአንድ ዘመን መምጣታቸው በአጋጣሚ አይደለም። ባለጸጋው በሕይወት ሳለ ያከማቸው ሀብት ሲወረስ ከ1894 ጀምሮ ከበድ ያለ ግብር ተጣለበት። በ1911 የጤናና የሥራ አጥነት መድን ተደነገገ።

በ1909 ደግሞ ክፍያቸው እጅግ ዝቅተኛ በሆኑ አራት የሥራ ዘርፎች የደመወዝ ወለል የሚወስኑ ቦርዶች እንዲቋቋሙ ታወጀ። ከእነርሱ አንዱ የሰንሰለት ሥራ ነበር። በክራድሊ ሂዝ የሚኖሩ ሴት ሰንሰለት ሠሪዎች ቦርዱ የወሰነላቸውን ክፍያ አሠሪዎች አንሰጥም ሲሉ በ1910 ሥራ አቁመው አስከበሩት። አንባቢ ያስታውስ፤ ሸማኔዎቹ ይህንኑ የለመኑት በ1808 ነበር። ከልመናው እስከ ምላሹ 101 ዓመት አለፈ።

ለእኛስ?

የእንግሊዝ ታሪክ የእኛ ትንቢት አይደለም። ቅኝ ግዛት፣ ድንጋይ ከሰልና ባሪያ ያበቀለው ጥጥ የነበራትን አገር መንገድ ማንም በልኩ ሊደግመው አይችልም። ጥያቄው ግን አንድ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች በደወል ገብተው በደወል የሚወጡበት ኑሮ በአገራችን ታይቷል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብትን ይደነግጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን በጥናት የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ይናገራል። ከላይ እንዳየነው ግን የ1563ቱም ሕግ በወረቀት ላይ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ተቆጣጣሪ፣ ማኅበርና የምርጫ ድምፅ ነው።

ነገሩ የፋብሪካ ሠራተኛን ብቻ የሚመለከት መስሎ የታየው አንባቢ ካለ ይታረም። ዛሬ ሰነድ የሚያነብ፣ ሒሳብ የሚያመሳክር፣ ውል የሚያረቅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተፈጥሯል። ይህ ማሽን የሚመጣው በሽሮ ሜዳ ሸማኔ ላይ ሳይሆን በእኛው በባለጠረጴዛዎቹ ላይ ነው። የላንክሻየር ሸማኔም ክር ሲረክስለት ደስ ብሎት ነበር፤ ቀጣዩ ማሽን የእርሱን ቦታ እንደሚይዝ አልገመተም።

ስለዚህ አዲስ ማሽን ሲመጣ መጠየቅ ያለበት “ይግባ ወይስ አይግባ?” የሚለው አይደለም፤ መግባቱ አይቀርም። መጠየቅ ያለበት ባለቤቱ ማን ነው? ትርፉ በምን ስሌት ይከፋፈላል? ሙያው ዋጋ ያጣበት ሰው ምን ይሰጠዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ማን ነው የሚወስነው? የሚሉት ናቸው። የእንግሊዝ ሸማኔዎች ጥያቄዎቹን በትክክል ጠይቀዋል። መልሱን ያገኙት ግን የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።